በ150 ኪሎዋት ቻርጀር ላይ 68 ደቂቃ የቆምኩት ለምንድን ነው? ሂሳቡስ ለምን በዛ?

ባለስልሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ60 ኪሎዋት-ሰዓት ባትሪ ኤሌክትሪክ መኪና መንዳት ከጀመርኩ አምስት ወር ሆኖኛል። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ሌሊት ሌሊት ቤቴ ቻርጅ አደርጋት ስለነበር፣ የሕዝብ ፈጣን ቻርጀርን የማውቀው በወሬ ብቻ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሌሊቱን ደጅ በብርድ ያደረችውን መኪና ማለዳ አስነስቼ፣ የአምስት ደቂቃ መንገድ ወደሚርቅ ጣቢያ ሄድኩ። ቻርጀሩ ላይ በትልልቁ 150 ኪሎዋት ተብሎ ተጽፏል፤ የመኪናዬ መመሪያም በዲሲ (ፈጣን ቻርጀሮች በሚሰጡት ቀጥተኛ ጅረት) እስከ 120 ኪሎዋት እንደምትቀበል ይገልጻል። ከ22 በመቶ እስከ 95 በመቶ ለመሙላት 44 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ስለሚያስፈልግ፣ በ120 ኪሎዋት 22 ደቂቃ ይበቃኛል ብዬ ነበር።

ኬብሉን እንደሰካሁ ስክሪኑ ያሳየኝ ግን 38 ኪሎዋት ነው። ወደ አሥር ደቂቃ ገደማ ከዚያ ፈቀቅ አላለም፤ ከዚያ በኋላ ከፍ እያለ 71 ደረሰና ተመልሶ መውረድ ጀመረ። 80 በመቶ ለመድረስ 36 ደቂቃ ፈጀ፤ ከ80 እስከ 95 ያለው ትንሽ ቀሪ ደግሞ ብቻውን 32 ደቂቃ ወሰደ። በአጠገቤ ከዚያው ቻርጀር በሁለተኛው ኬብል የምትሞላው መኪና በወቅቱ 110 ኪሎዋት ታሳይ ስለነበር፣ ቻርጀሩ ተበላሽቷል ለማለትም አልደፈርኩም። ደረሰኙ ላይ 47.5 ኪሎዋት-ሰዓት ተመዝግቧል፤ የአንዱ ኪሎዋት-ሰዓት ዋጋም ቤቴ ከምከፍለው ከእጥፍ በላይ ነው። ጥፋቱ የማን ነው? የቻርጀሩ፣ የመኪናዋ ወይስ የእኔ? ዋጋውስ በምን ምክንያት ይህን ያህል ይለያያል?

ነጭ ጎማ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ ይህን ማጭበርበር ነው የምለው። 150 ብሎ ጽፎ 38 የሚሰጥ ሻጭ፣ ኪሎ ብሎ ሩብ ኪሎ ከሚመዝን ነጋዴ በምን ይለያል? በዚያ ላይ ከ22 እስከ 95 ባትሪው የሚይዘው 43.8 ሆኖ ሳለ የተጠየቁት 47.5 ነው። የ3.7ቱ ኪሎዋት-ሰዓት ሂሳብ የት ገባ? እኔ ብሆን ደረሰኙን ይዤ አቤት እላለሁ።

መሪ ሽቦ፦

አቤቱታው ከመጻፉ በፊት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው፤ ጠያቂው ብዙዎቻችን የማንመዘግበውን መዝግበው ስላመጡልን ነገሩ ግልጽ ነው። 110 እና 38 ሲደመሩ 148 ይሆናሉ። ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም። ሁለት ኬብል ያላቸው ብዙ ቻርጀሮች ኃይል የሚያገኙት ከአንድ የጋራ ሳጥን ስለሆነ፣ 150 ተብሎ የተጻፈው የሁለቱ ኬብሎች ድምር ጣሪያ ሊሆን ይችላል። ቀድማ የተሰካችው መኪና 110 ከወሰደች ለቀጣዩ የሚቀረው የተረፈው ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ያለው ጎረቤትዎ ነቅለው ሲሄዱ ወይም የእርሳቸው ባትሪ እየሞላ ፍላጎቱ ሲቀንስ ይመስለኛል። ያስታውሱታል?

ይሁንና ይህ ብቻውን ነገሩን አይፈታውም፤ ሳጥኑ ነጻ ከሆነ በኋላም መኪናዋ ከ71 አላለፈችም። እዚህ ላይ ምክንያቱ ብርዱ ነው። የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ የሊቲየም አዮኖች (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች) ወደ ግራፋይቱ፣ ማለትም ወደ ባትሪው የካርቦን ክፍል ውስጥ ሰርገው መግባት አለባቸው፤ ባትሪው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይህ ጉዞ ይዘገያል። በዚህ ጊዜ የኤሌክትሪክ ጅረቱ በኃይል ከተገፋ አዮኖቹ ወደ ውስጥ መግባት ትተው ግራፋይቱ ላይ ብረት ሆነው ይለበጣሉ፤ የዚህ ጉዳት ብዙው ክፍል ተመልሶ የማይስተካከል የአቅም ቅነሳ ነው። ስለዚህ የባትሪው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ሆን ብሎ ጅረቱን ይገድበዋል። የአምስት ደቂቃ ጉዞ ሌሊቱን ደጅ ያደረ፣ በመቶ ኪሎዎች የሚመዝን ባትሪ አያሞቅም። ምን ያህል ኃይል እንደሚወሰድ በየሰከንዱ የምትጠይቀው መኪናዋ ናት፤ ቻርጀሩ ከጣሪያው ሳያልፍ የተጠየቀውን ይሰጣል እንጂ በግድ አይጨምርም።

ከ80 በመቶ በኋላ ያለው ዝግታ ደግሞ ከብርድም ከጎረቤትም ጋር ብዙ ግንኙነት የለውም። ጆንያ እህል ሲሞላ መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ይገለበጣል፣ አፉ አካባቢ ሲደርስ ግን እየነቀነቁ በትንሽ በትንሹ መጨመር ነው። ባትሪውም ቮልቴጁ ወደ ላይኛው ወሰን ሲጠጋ፣ ከወሰኑ እንዳያልፍ ጅረቱ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል። በመመሪያው የተጻፈው 120 ኪሎዋት የተራራው ጫፍ ነው፤ ባትሪው ሞቆና ዝቅ ባለ መቶኛ ላይ ሆኖ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ የሚታይ ቁጥር ነው። መኪና ስናወዳድር መጠየቅ ያለብን ከ10 እስከ 80 በመቶ በስንት ደቂቃ እንደምትደርስ ነው፤ አምራቾችም ይህንኑ ያወጣሉ። ለምሳሌ ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 በ350 ኪሎዋት ቻርጀር ላይ ከ10 እስከ 80 በመቶ በ18 ደቂቃ እንደምትሞላ አምራቹ አሳውቋል።

ስለ 3.7ቱ ኪሎዋት-ሰዓት፦ መኪናዋ ኬብሉ ላይ እያለች ባትሪዋን ታሞቃለች፤ በማለዳ ብርድ መቼም የውስጥ ማሞቂያውን አጥፍተው 68 ደቂቃ አልተቀመጡም። ሁለቱ ተደምረው በአማካይ 2 ኪሎዋት ቢወስዱ እንኳ በዚያ ጊዜ ውስጥ 2.3 ኪሎዋት-ሰዓት ይሆናል። የቀረው ባትሪው ውስጥ ወደ ሙቀት የተቀየረውና የመቶኛው መጠጋጋት ነው፤ በእርስዎ መኪና አንድ በመቶ ማለት 0.6 ኪሎዋት-ሰዓት መሆኑን አይርሱ። ነጭ ጎማ፣ ሚዛኑ የተሰረቀ አይመስለኝም። ድምሩን እንደ አንድ ኬብል አቅም አድርጎ መጻፉ ግን አሳሳች ስለሆነ፣ በዚያ ላይ አቤት ቢባል እኔም እፈርማለሁ።

ቆጣሪ አንባቢ፦

የፍጥነቱን ጉዳይ መሪ ሽቦ ስለጨረሱት እኔ ስለ ዋጋው ልናገር። ለትልልቅ ደንበኞች የኤሌክትሪክ ሂሳብ በመሥራት ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ። የቤት ደንበኛ በአብዛኛው የሚከፍለው ለተጠቀመው ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ትልቅ ደንበኛ ግን በብዙ አገሮች ከዚህ ሌላ ዲማንድ ቻርጅ የሚባል ክፍያ አለበት፤ ይኸውም በወሩ ውስጥ በአንዲት የ15 ወይም የ30 ደቂቃ ቆይታ ለታየው ከፍተኛው አማካይ ኃይል የሚከፈል ነው። አራት ባለ150 ኪሎዋት ቻርጀሮች የተከለ ጣቢያ አራቱም አንድ ቀን በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይላቸው ቢሠሩ 600 ኪሎዋት ይመዘገብበታል፤ የቀረውን 29 ቀን ባዶውን ቢውልም ያ ቁጥር ከሂሳቡ አይፋቅም።

አሁን ይህንን ለደንበኛ እናካፍለው። ጣቢያው ከሙሉ አቅሙ 5 በመቶውን ብቻ ከሸጠ በ30 ቀን የሚሸጠው 21,600 ኪሎዋት-ሰዓት ነው፤ 20 በመቶውን ከሸጠ ደግሞ 86,400 ይሆናል። የትራንስፎርመሩ፣ የቻርጀሮቹ፣ የጥገናውና የቦታው ወጪ ግን በሁለቱም ሁኔታ ያው ነው። ስለዚህ ሰው የማይበዛበት ጣቢያ በእያንዳንዱ ኪሎዋት-ሰዓት ላይ የሚጭነው ቋሚ ወጪ አራት እጥፍ ነው ማለት ነው። ከእጥፍ በላይ መክፈል ደስ አይልም፤ ግን ሁሉም ስግብግብነት ነው ብዬ ለመፍረድ አልቸኩልም።

በእኔ እይታ ሰው ሳያውቀው የሚጎዳው በዋጋው መጠን ሳይሆን በአከፋፈሉ ዓይነት ነው። የእርስዎ ጣቢያ በኪሎዋት-ሰዓት ማስከፈሉ እድልዎ ነው። አንዳንዶቹ የሚያስከፍሉት በደቂቃ ነው። በእርስዎ ቁጥር ብናሰላው፣ እስከ 80 በመቶ ድረስ በ36 ደቂቃ 34.8 ኪሎዋት-ሰዓት ገብቷል፤ ለአንዱ ኪሎዋት-ሰዓት አንድ ደቂቃ ያህል ማለት ነው። ከ80 እስከ 95 ግን በ32 ደቂቃ የገባው 9 ኪሎዋት-ሰዓት ሲሆን ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይወጣል። በደቂቃ ቢሆን ኖሮ በመጨረሻዋ 15 በመቶ ውስጥ እያንዳንዱ ኪሎዋት-ሰዓት ከፊተኛው ክፍል ከሦስት እጥፍ በላይ ያስወጣዎት ነበር። ባትሪዋ ቀዝቅዛ የመጣች መኪና ባለቤት በእንዲህ ያለው ታሪፍ ላይ ቅጣት የሚከፍል ያህል ነው። በሁለቱም ዓይነት ታሪፍ ላይ ደግሞ ሞልቶ ካለቀ በኋላ ኬብሉን ሳይነቅሉ ለሚቆሙ ተጨማሪ የሚያስከፍሉ ጣቢያዎች ስላሉ፣ ከመሰካት በፊት ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ ይበጃል።

አሮጌዋ፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የእኔ አካባቢ ጣቢያዎች አሮጌ ባለ50 ኪሎዋት ናቸው፤ እኔ ግን 50ን አይቼው አላውቅም። ሚስጥሩ የገባኝ ቻርጀሩ ላይ የተለጠፈችውን የቴክኒክ ሰሌዳ ጎንበስ ብዬ ያነበብኩ ቀን ነው፤ ከፍተኛው ጅረት 125 አምፔር ይላል። የመኪናዬ ባትሪ ቮልቴጅ 350 አካባቢ ስለሆነ 350 በ125 ሲባዛ 44 ኪሎዋት እንኳ አይሞላም። 50 የሚገኘው ቮልቴጁ 400 ሲደርስ ብቻ ነው። ለትልልቆቹም ነገሩ ያው ነው፤ 350 ኪሎዋት የተባለ ቻርጀር ኬብሉ 500 አምፔር ቢሸከም፣ 400 ቮልት ባትሪ ላለው መኪና የሚሰጠው ከ200 አያልፍም። 800 ቮልት ያላቸው መኪኖች የመጡትም ለዚህ ነው፤ ፖርሽ ታይካን በ2019 ይህንን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል። ስለዚህ ለ400 ቮልት መኪና ባለ350ውን ጣቢያ ፍለጋ መንከራተት፣ በተለይ ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም።

ባለስልሳ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መሪ ሽቦ፣ ልክ ነዎት፤ ጎረቤቴ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነቅለው ሄደዋል። እርሳቸው ሲሄዱ እኔ ስልኬ ላይ ስለነበርኩ ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም።

ትላንት ወደዚያው ቻርጀር ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ ሌላው ኬብል ባዶ መሆኑን አረጋግጬ፣ ከ40 ደቂቃ የአውራ ጎዳና ጉዞ በኋላ ነው የሰካሁት፤ መኪናዋ ላይም ጣቢያውን መድረሻ አድርጌ ስለመረጥኩ ባትሪውን በመንገድ ላይ ሳለች ማሞቅ ጀምራ ነበር። ከ12 በመቶ ጀመርኩ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ 112 ኪሎዋት ታየ፣ 50 በመቶ አካባቢ ወደ 90 ወረደ፣ 70 በመቶ ስደርስ 24 ደቂቃ ሆኖ ነቀልኩ። የገባው 34.8 ኪሎዋት-ሰዓት ነው፤ ባለፈው ሳምንት በ36 ደቂቃ የገባው ማለት ነው። ደረሰኙ ላይ 37.1 ስለተመዘገበ ልዩነቱ ከ3.7 ወደ 2.3 ወርዷል።

አንድ ጥያቄ ቀረችኝ። ይህ የሚባክነው ኃይል በፈጣን ጣቢያ ብቻ ነው ወይስ ቤትም አለ? ዋጋውን ከቤቴ ጋር ሳወዳድር የትኛውን ቁጥር ልያዝ?

ቆጣሪ አንባቢ፦

ቤትም አለ፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ከግድግዳ የሚመጣው ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ስለሆነ ወደ ዲሲ የሚቀየረው መኪናዋ ውስጥ ባለው መቀየሪያ ነው፤ ስለዚህ የቅየራው ብክነት ከእርስዎ ቆጣሪ በኋላ ስለሚከሰት የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። በፈጣን ጣቢያ ይህ ቅየራ የሚካሄደው ቻርጀሩ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ፣ ሽያጩ የሚለካው ኬብሉ ላይ በዲሲ ከሆነ ብክነቱ የጣቢያው ባለቤት ዕዳ ነው። በቤት ከ10 በመቶ በላይ መባከኑ የተለመደ ነው፤ በተራ ሶኬት በዝቅተኛ ጅረት የሚሞሉ ከሆነ ደግሞ የመኪናዋ ኮምፒውተርና ፓምፖች ሌሊቱን ሙሉ በሥራ ላይ ስለሚያድሩ ከዚህም ይጨምራል። ለማወዳደር በሁለቱም ቦታ የከፈሉትን ገንዘብ ባትሪው ውስጥ ለገባው ኪሎዋት-ሰዓት ያካፍሉት። የቤቱ ዋጋ ከሚያስቡት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያ ከእጥፍ በላይ ያሉት ልዩነትም በመጠኑ ይጠብባል።