ማኒፎልዱ ለሚተነፍስባችሁ፦ ከጓርኒሲዮን በፊት ቶርኖ ቤት

የዲኤክሴ (የቶዮታ ኮሮላዬ) ማኒፎልድ፣ ማለትም ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ጭስ ቱቦው የሚያሳልፈው ብረት፣ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተፈቷል። ሦስቴም አዲስ ጓርኒሲዮን (በማኒፎልዱና በሞተሩ መሃል ገብቶ ትንፋሽ የሚከለክለው ስስ ነገር) ገባለት። ሦስቴም ወር ሳይሞላው ጠዋት ጠዋት "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" ማለት ጀመረ። አራተኛው ጥገና ግን ይኸው ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል። ሰሞኑን አሮጌ መኪና የያዙ ሁለት ወዳጆቼ "ምን ልግዛ? የት ላሠራው?" ስላሉኝ ያየሁትን ልጻፈው ብዬ ነው። ዋጋ አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል።

መጀመሪያ ችግሩ የማኒፎልድ መሆኑን አረጋግጡ። ያንን ድምፅ ሰምቶ "ቫልቭ ነው" የሚል መካኒክ ሞልቷል። የማኒፎልድ ትንፋሽ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይጮኻል፤ ብረቱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ክፍተቱ ይጠብና ድምፁ ይቀንሳል። ሞተሩ ሳይሞቅ በመገጣጠሚያው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ርጩና አስነሱት። አረፋ የሚነፋበት ቦታ እሱ ነው። ጥቁር ጥላሸት ካያችሁ ደግሞ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ድምፁን ለምደነዋል ብላችሁ እንዳትተዉት። በክረምት መስኮት ዘግተን ነው የምንነዳው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም።

መገጣጠሚያ ላይ የሚቀባው ቀዩ ሲሊከን ማጣበቂያ ርካሽ ነው፣ መካኒክም ይወደዋል። ለሌላ ቦታ እሺ፤ ለማኒፎልድ ግን አይሆንም። የሚችለው ሙቀት ቢበዛ 340 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ማኒፎልድ ዳገት ላይ ከዚያ አልፎ ይግላል። ሁለተኛው ጥገናዬ ይሄው ነበር። በሽሮ ሜዳ በኩል እንጦጦን ሁለት ጊዜ ወጥቼበት ሦስተኛው ላይ ዘፈኑን ጀመረ።

ጓርኒሲዮን ላይ ብዙ አትጨነቁ። ኦርጅናል ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ካጣችሁም መሃሉ ላይ የብረት ሉህ ያለበትን የውጭ ሥሪት እመርጣለሁ። ከሉህ ላይ በእጅ የሚቆረጠው ለመቸኮያ ቀን ነው። ደግሞ አንዴ ተጨምቆ የወጣውን "ደህና ነው" ብላችሁ እንዳትመልሱት።

ለእኔ መፍትሔው የተገኘው ብረት በማሽን የሚላግበት ቶርኖ ቤት ነው። የቶርኖ ቤቱ ሽማግሌ ማኒፎልዱን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው፣ ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረገው፣ ከዚያ የብረት ማስመሪያ ከሞተሩ ጋር በሚገጥመው ፊቱ ላይ አጋደመ። ምንም ሳይናገር አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረልኝ። በማስመሪያውና በብረቱ መሃል ብርሃን ይታያል። ዳርና ዳሩ ተነስቷል፤ መሃሉ ብቻ ነው የሚነካው። "ልጄ፣ ጓርኒሲዮኑ ምን ያድርግልህ?" አለኝ። ፊቱን ልጎ አስተካከለልኝ። ለሦስት ጥገና ገንዘብ ከፍዬ ያንን ማስመሪያ ያጋደመ አንድ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ጋራዥ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ፊቱን ታስተካክሉታላችሁ ወይስ ጓርኒሲዮን ብቻ ትቀይራላችሁ?" ሁለተኛውን የሚላችሁን ተዉት። የድሮው ዲኤክስ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው ማኒፎልድ በአንድ ጎን ናቸው፣ ጓርኒሲዮናቸውም የጋራ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው ፊታቸው በአንድ ልክ መስተካከል አለበት። አንዱ ብቻ ከተላገ ሌላው አየር ይስብና ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል።

ማኒፎልዱ ከተሰነጠቀስ? እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ መግዛት ነው፣ እኔም ወደዚህ አደላለሁ። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ይስቅባችሁ። አንጠልጥላችሁ በትንሽ መዶሻ መታ አድርጉት፦ ጤነኛ ጊዛ (ማኒፎልዱ የተሠራበት ቀልጦ የተቀረጸ ብረት) እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ይታፈናል። ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙ የሚሸፍነው ነገር ይኖራል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሌላው ብየዳ ነው። ጊዛ እንደ በር ብረት አይበየድም። በተራ ኤሌክትሮድ ከተበየደ ሲቀዘቅዝ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። የሚያውቅ በያጅ ብረቱን ቀድሞ ያሞቀዋል፣ በኒኬል ኤሌክትሮድ ይበይዳል፣ ከዚያ አመድ ወይም አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተወዋል። ውሃ ሊያፈስበት ባልዲ ካነሳ ማኒፎልዳችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ሥራው ላይ ትልቁ መዘዝ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ የተተከሉት ቡሎኖች መሰበር ነው። የእኔ አንዱ ተሰብሯል፤ እሱን ማውጣት ከዋናው ሥራ በላይ ጊዜ ፈጀ። ማታውኑ ደብሊው ዲ 40 ረጭታችሁ አሳድሩት። እምቢ ያለውን ዳዶ (ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀውን) በእሳት ማሞቅ እንጂ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ መታገል አያዋጣም። ሲገጠም የነሐስ ዳዶ ካገኛችሁ አትለፉት፤ ዝገት አይዘውም፣ ለቀጣዩ ጊዜ ይፈታላችኋል። ማጥበቅ ደግሞ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር።

ቪትዝና ሌላ ኢንጄክሽን (ነዳጁን ኮምፒውተር የሚመጥንለት) መኪና ያላችሁ፣ ትንፋሹ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለካው ሴንሰር በፊት ከሆነ የውጭ አየር ገብቶ ሴንሰሩን ያታልለዋል። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያነሰ መስሎት ይጨምራል። "ቤንዚን በላብኝ" ብላችሁ ኢንጄክተር ከማስጠረጋችሁ በፊት የሳሙና ውሃውን ሞክሩ።

ከሳምንት በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ዳዶዎቹን አንዴ አስፈትሹ፣ መላላታቸው አይቀርም። እኔ የሄድኩበት ሽማግሌ ብየዳ አይሠራም። በሳሪስ ወይም በቃሊቲ በኩል የጊዛ ብየዳ እጁ የተፈተነ ሰው የምታውቁ ጠቁሙን፤ ከወዳጆቼ የአንዱ ተሰንጥቋል።