«ምልመላ» ወይስ «የግዴታ ውትድርና»? «ቁጥጥር»ንም ጨምሩልኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ? የውጭ ዜና እየተረጎምኩ ሁለት ቦታ ላይ ተቸነከርኩ። አንዱ «ስዊድን ምልመላ ጀመረች» የሚለው ነው፤ ዜናው የሚያወራው ስለ ግዴታ ውትድርና ነው። ሌላው «የኤሌክትሪክ መረቡ በውጭ ኃይል ቁጥጥር ስር ነው» ይላል። ስህተት አይመስሉም፤ ግን ደጋግሜ ሳነባቸው የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል።

መልስ፦
እህቴ፣ ቢጎረብጥሽ አይገርምም። መለመለ ማለት መርጦ ወይም ነጥሎ አወጣ ነው። ቅርንጫፍም ይመለመላል፤ የእግር ኳስ ተጫዋችም ይመለመላል። ሰውየው ወዶ ይምጣ ተገድዶ ቃሉ አይናገርም። ዜናው ዋናውን ነገር፣ ግዴታውን፣ ዋጠው ማለት ነው።

የእኛ አገር የሕግ ቃል «ብሔራዊ ውትድርና» ነበር። ደርግ በ1975 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ዜጎች 6 ወር ሠልጥነው 2 ዓመት እንዲያገለግሉ ተደነገገ። ሕዝቡ ግን «አፈሳ» አለው። የሚታፈሰው እህል ነው፤ የቱ ፍሬ የቱ እንደሆነ ሳይታይ በእፍኝ ይነሳል። ወጣት ከመንገድ ተጠርጎ ሲወሰድ ያየ ሰው ሌላ ቃል አላስፈለገውም። አዋጁ ያልጻፈውን ቃሉ ጻፈው።

«ክተት»ን ግን እዚህ አታስገቢው። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. እንዳወጁት፣ ክተት ጠላት መጣ ሲባል የሚነገር ጥሪ ነው። የግዴታ ውትድርና በሰላሙም ጊዜ ተራ ጠብቆ ይመጣል።

ሌላ መልስ፦
ትንሽ ላርም። ስዊድን ላይ ምልመላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ያቆመችውን በ2017 ለመመለስ ስትወስን ሴቶችንም ጨመረች። 18 ዓመት የሚሞላቸው ሁሉ መጠይቅ ይሞላሉ፤ ተመርምረው ለአገልግሎት የሚገቡት ግን ከፊሎቹ ናቸው። ግዴታው ለሁሉም፣ ምልመላው በግዴታው ውስጥ።

«የግዳጅ ውትድርና» የሚሉም አሉ፤ እሱም አልጣመኝም። ወታደር «ግዳጅ ላይ ነኝ» ሲል ተገድጄ ነው ማለቱ አይደለም፤ ተልዕኮ ላይ ነኝ ማለቱ ነው። «ግዴታ» ይሻላል።

ጠያቂዋ፦
ይሄ ገባኝ። «ቁጥጥር»ስ?

መልስ፦
እሱ ደግሞ ባለ ብዙ ፊት ነው። የጥራት ቁጥጥር አለ፣ መፈተሽ ነው። ሌባ በቁጥጥር ስር ይውላል፣ መያዝ ነው። አንቺ የፈለግሽው ግን ሦስተኛውን ነው፦ ማዘዝ። አንባቢ የትኛውን ይውሰድ?

ኢስቶኒያን፣ ላትቪያንና ሊትዌኒያን እዪ። ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ጣቢያው የራሳቸው ነበር። የመረቡ ምት ግን፣ ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስበት ማለት ነው፣ የሚስተካከለው ከሞስኮ ነበር። ከሩሲያ ጋር ከሚጋሩት መረብ የወጡት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ነው። «በሩሲያ ቁጥጥር ስር» ብትዪ አንባቢ ንብረቱ የሩሲያ ነበር ብሎ ያስባል። እኔ ብሆን «ልጓሙ ሞስኮ እጅ ነበር» እላለሁ። ፈረሱ የአንቺ ሆኖ ልጓሙ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

የጀርመኑ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ያለው ትልቁ የሬደን ጋዝ ማከማቻ የሩሲያው የጋዝ ኩባንያ የጋዝፕሮም ቅርንጫፍ ንብረት ነበር። ኤፕሪል 2022 ላይ የጀርመን መንግሥት ወዲያው ሳይወርሰው የቅርንጫፍ ኩባንያውን አመራር በባላደራ ያዘ። ንብረቱ እዚያ፣ ልጓሙ እዚህ። «ባላደራ» የሚለው ቃላችን እንዴት ልክክ እንደሚል እዪልኝ፤ «ጊዜያዊ አስተዳዳሪ» ብሎ ማድረቅ አያስፈልግም።

ሌላ መልስ፦
ከርዕሱ ልውጣና፣ «ብሔራዊ ደህንነት» ስትጽፊ «ብሔራዊ»ን አትጣዪ። ብቻውን «ደህንነት መጣ» ካልሽ አንባቢው ባለ ጥቁር መነጽር ሰውዬ ነው የሚታየው።

ጠያቂዋ፦
ሃሃ፣ እሺ። «ሽቦው የራሳቸው፣ ልጓሙ የሞስኮ ነበር» ብዬ ልኬዋለሁ። አርታኢዬ «የኤሌክትሪክ ፈረስ አለ እንዴ?» ብሎ መልሶልኛል። ክርክሩ ቀጥሏል።