ትዝታ ወደ ሌላ ቦታ "ይሸጋገራል" ማለት ምን ማለት ነው?

እባካችሁ የገባችሁ ሰዎች አስረዱኝ። ስለ አንጎልና ትዝታ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ተቸክዬ ቀረሁ።

ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስ የሚባለውን፣ ጥልቅ ውስጥ ያለውን ክፍል በከፊል ቆርጠው አወጡለት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር አይዝም። አሁን ያወራውን ሰው ትንሽ ቆይቶ አያውቀውም። የልጅነቱን ግን ያስታውሳል!

እሺ፣ ሂፖካምፐስ አዲሱን ይመዘግባል፤ የቆየው ቀስ በቀስ፣ በተለይ ስንተኛ፣ ወደ ኮርቴክስ (የአንጎል የላይኛው ሽፋን) ይሸጋገራል ይላሉ። እዚህ ጋ ነው የጠፋብኝ። እንደ ፋይል ኮፒ ይደረጋል? ወይስ ኮርቴክስ ውስጥ ያሉት የነርቭ ሴሎች ትስስራቸው እየጠነከረ ሂፖካምፐስን መፈለግ ይተዋሉ? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ደግሞ ይኸው ሰውዬ እጁን በመስታወት እያየ ኮከብ መሳል ተለማምዶ ከቀን ቀን ተሻሻለ። መለማመዱን ግን ጭራሽ አያስታውስም። እጁ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም (ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል)። ይሄኛው የት ተቀመጠ? ሴሬቤለም (ከአንጎል ኋላ፣ ከታች ያለው ክፍል) ነው ወይስ ባዛል ጋንግሊያ (አንጎል ውስጥ ጥልቅ ያሉ የነርቭ ሴሎች ስብስቦች)?

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ስንረሳ ትዝታው ራሱ ይጠፋል ወይስ ወደሱ የሚወስደው መንገድ ነው የሚጠፋው? በቀላል ቋንቋ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።