ገበያ መክፈት ድሃ አገርን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

የጠዋት ጤዛ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ግሎባላይዜሽን ድሃ አገርን ያሳድጋል የሚለውም ያደኸያል የሚለውም በየፊናው ማስረጃ ይደረድራል። እኔን የሚያሳስበኝ ከውጭ በርካሽ የሚገባው ዕቃ ነው፣ ሸማቹ ደስ ይለዋል፣ ግን ያንኑ ዕቃ እዛው ሲያመርት የነበረው ሰው ምን ይብላ? በር ዘግቶ መቀመጥስ ያዋጣል እንዴ? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ሰፊ ሜዳ፦
የሃይቲን ሩዝ እይ ወንድሜ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እስከ 80ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሃይቲ የምትበላውን ሩዝ አብዛኛውን ራሷ ነበር የምታመርተው፣ በኋላ አይኤምኤፍና አሜሪካ ገበያሽን ክፈቺ እያሉ ሲወተውቷት በ1995 ከውጭ በሚገባ ሩዝ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ ከ35 ወደ 3 ፐርሰንት አወረደች፣ ከዛማ የአሜሪካ ሩዝ ጎረፈ፣ እሱ ደግሞ መንግሥቱ የሚደጉመው ነው፣ የሃይቲ ገበሬ በምን አቅሙ ይወዳደር? ብዙው ማሳውን ጥሎ ከተማ ገባ። በ1995 የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የነበረው ቢል ክሊንተን ራሱ በ2010 የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርቦ የአርካንሳስ (የትውልድ ግዛቱ ናት) ገበሬዎቼን ጠቅሞ ይሆናል እንጂ ስህተት ነበር ብሏል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ የተባለው ከ15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ደራሽ፦
እውነት ነው፣ ግን ከዚህ ተነስተን በር ይዘጋ ካልን እንሳሳታለን። ቬትናምን እዩ፣ እሷም የሩዝ አገር ናት። በ1986 ዶይ ሞይ የሚሉትን ሪፎርም ጀመረች፣ መሬቱን ከኅብረት እርሻ አውጥታ ለየቤተሰቡ እንዲያርሰው ሰጠች፣ ሩዝ ከውጭ ስታስገባ የኖረች አገር በ1989 ከዋና ዋና ላኪዎች ተርታ ገባች። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሆነችው ግን በ2007 ነው፣ ሪፎርሙ ከተጀመረ 20 ዓመት አልፎ። ለኔ ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፣ መጀመሪያ የራስን ገበሬ ማጠናከር፣ ከዛ ገበያ መክፈት።

የጠዋት ጤዛ፦
ቅደም ተከተሉ ገባኝ፣ ግን ብድር የምትለምን አገር ቅደም ተከተል የመምረጥ መብት አላት? ሃይቲ እኮ ያኔ ከመፈንቅለ መንግሥትና ከማዕቀብ ገና መውጣቷ ነበር፣ ፈርሚ ሲሏት ምን ትበል።

ክርና መርፌ፦
ፋብሪካ ሲመጣም ጥያቄው ያው የመደራደር አቅም ነው። ባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የሚባለው የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ሕንፃ በ2013 ሊደረመስ ዋዜማ ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል፣ ታች ያሉት ሱቆችና ባንኩ ሲዘጉ ልብስ ሰፊዎቹን ግን ግቡ አሏቸው፣ ከ1,100 ሰው በላይ አለቀ። ለምን ግቡ ተባሉ? ትዕዛዙ በቀኑ ካልደረሰ ልብሱን የሚገዛው የውጭ ኩባንያ ሌላ አገር ይሄዳላ! ከዛ በኋላ እነዚህ ገዢ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራቱ በሕግ የሚያስገድድ የደህንነት ስምምነት ፈርመው ፋብሪካዎቹ መፈተሽ ጀመሩ፣ ደሞዙን ግን አልነካም። እኔ የምለው፣ ልብስ የሚሰፉት አገሮች ተነጋግረው ከዚህ በታች ደሞዝ አንቀበልም ቢሉ ገዢው የት ይሄዳል? አንዷ ብቻዋን ልጨምር ካለች ግን ትዕዛዙ ከእጇ ይወጣል።