5 ድል፣ 12 ሽንፈት፦ የጉዳት ዓመት ነው ወይስ የጥፋት?

የእሑድ ሰንበቴ፦
አለቀ እንግዲህ። የአሜሪካን ፉትቦል ቡድናችን ዋሽንግተን ኮማንደርስ የ2025ን ሲዝን (በፈረንጆቹ) 5 አሸንፎ፣ 12 ተሸንፎ ቤቱ ገባ። አምና እኮ 12 አሸንፈን 5 ነበር የተሸነፍነው! ቁጥሩ ተገልብጦ መጣ። ለማይከታተል ሰው ባጭሩ፦ አምና ጄይደን ዳንኤልስ የሚባል ልጅ፣ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ)፣ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን ተሸክሞ ለሱፐር ቦውል፣ ለዋንጫው ፍጻሜ፣ አንድ ጨዋታ እስኪቀረን አደረሰን። ከ1991 ሲዝን ወዲህ እዚያ ደርሰን አናውቅም ነበር። ዘንድሮ ጉልበቱን ተጎዳ፣ ቀጥሎ የጭኑን ጀርባ ጡንቻ፣ ቀጥሎ ክርኑን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

እኔ መከራከር የምፈልገው ስለ ክርኑ ነው። ኖቬምበር 2 ከሲያትል ጋር 38 ለ 7 እየተመራን፣ ጨዋታው ሊያልቅ 8 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ልጁ ሜዳ ላይ ምን ይሠራል? ከጉዳት የተመለሰው በዚያው ሳምንት ነው! አሰልጣኙ ዳን ኩዊን ለዚህች ውሳኔ ብቻ መሰናበት ነበረበት ባይ ነኝ። የማይስማማ ይምጣ።

ቁጥር አምስት፦
አልስማማም፣ መጣሁ። ወንድሜ፣ ክርኑ ባይወልቅ ኖሮ ይሄን ጥያቄ ትጠይቅ ነበር? ኳርተርባክ እስከ መጨረሻው መጫወት ይፈልጋል፣ ሌሎቹም አሰልጣኞች በሰፊ ነጥብ እየተመሩ ኮከባቸውን ሲያጫውቱ አይተናል። ምንም ካልሆነ ማንም አያስታውሰውም። ደግሞ የተጎዳው እሱ ብቻ መሰለህ? ሯጩ ኦስቲን ኤከለር በሁለተኛው ሳምንት አኪለሱ ተበጠሰ። ኳስ ተቀባዩ ቴሪ ማክሎረን ግማሹን ዓመት በጭኑ ምክንያት ተቀምጦ አሳለፈ። ዓመቱን የጨረስነው በ39 ዓመቱ ጆሽ ጆንሰን ነው፣ ሦስተኛው ኳርተርባክ! በዚህ ሁኔታ የትኛው አሰልጣኝ ነው ተአምር የሚሠራው?

ነርሷ፦
ያን ጨዋታ ማረፊያ ክፍል ውስጥ በስልኬ ነበር የማየው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሻይዬን ይዤ፣ ድምፁን አጥፍቼ። ልጁ ጎል መስመሩ ጋ ሲወድቅ ግራ እጁ ከስር ቀረ፣ ተከላካዩ ከነክብደቱ ከላይ፣ ክርኑ መታጠፍ ወደሌለበት ታጠፈ። ሻዩን አስቀመጥኩት። ድጋሚ ሲያሳዩት ፊቴን አዞርኩ፣ በየቀኑ ስብራት የማይ ሰው ነኝ እኮ። አጠገቤ የነበረችው ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ ስለ ጨዋታው ምንም አታውቅም፣ ነጥቡን አየችና «ስንት ለስንት ነው የሚመሩት? ታዲያ ለምን አያስወጡትም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ቁጥር አምስት፣ አንተ «ምንም ካልሆነ ማንም አያስታውሰውም» ብለሃል። ልክ ነህ። ግን ኃላፊነት ማለት ሳይሆን በፊት ማሰብ ነው። ኩዊንም በማግስቱ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን አመነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ቁጥር አምስት፦
እህቴ፣ ቢያንስ አመነ። ስንቱ አሰልጣኝ ነው የሚያምነው?

የእሑድ ሰንበቴ፦
ማመኑ ክርኑን አልመለሰውም። ይባስ ብሎ ዲሴምበር ላይ ሚኒሶታ ወስደው አጫወቱት፣ ያው ክርን እንደገና ተነካ፣ 31 ለ 0 ተሸንፈን መጣን። በዚያው ዓመቱ አለቀ።

ሒሳብ ሠሪው፦
ሁለታችሁም የተጣላችሁት በትንሹ ነገር ላይ ነው። እስቲ ቁጥሩን እንየው። ዳንኤልስ ዘንድሮ 7 ጨዋታ ከመጀመሪያው ተሰልፎ ጀመረ፤ 2 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ተጠባባቂው ማርከስ ማሪዮታ 8 ጀመረ፤ 2 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። ጆንሰን 2 ጀመረ፤ 1 ለ 1። ደምሩት፣ 5 እና 12 ይመጣል። ልጁ ሜዳ ላይ እያለም እየተሸነፍን ነበር! ስለዚህ «ዳንኤልስ ባይጎዳ ኖሮ» የሚለው ለቅሶ ብዙም አያስኬድም።

ቀጥሎ ይሄን እዩ። ዳላስ 44፣ ካንሳስ ሲቲ 28፣ ሲያትል 38፣ ዲትሮይት 44 አገቡብን። በአራት ተከታታይ ጨዋታ 154 ነጥብ። አራቱንም ከ20 በላይ ልዩነት ነው የተሸነፍነው። ኳርተርባክ ዲፌንስ (መከላከል) አይጫወትም ጓዶች። ከዲትሮይቱ በኋላ ኩዊን የዲፌንሱን ስልት መጥራት ከዲፌንስ አሰልጣኙ ጆ ዊት ተቀብሎ ራሱ ያዘው፣ ዘግይቶ ነው እንጂ። ዓመቱ ሲያልቅ ዊትም ሄደ፣ የኦፌንሱ (የማጥቃቱ) አሰልጣኝ ክሊፍ ኪንግስበሪም ሄደ።

ኳስ ማለት እግር ኳስ፦
እኔ የምለው፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ የሚወያይ ስፖርት ለምንድነው የሚያናድዳችሁ? በርናባው ድረስ በአውሮፕላን ሄዳችሁ እኮ ነው የተሸነፋችሁት። ሪያል ማድሪድ ሜዳው ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር በመፈቀዱ ያዝናል።

ሒሳብ ሠሪው፦
አመሰግናለሁ፣ ለማድሪዱ ልመጣ ነበር። ማያሚ 16 ለ 13 አሸነፈን፣ በጭማሪ ሰዓት። በመደበኛው ሰዓት ማብቂያ ላይ ለድል የመታናት ፊልድ ጎል (በእግር የምትመታው የሦስት ነጥብ ኳስ) ሳተች።

ቁጥር አምስት፦
ይኸው! ራስህ አመጣኸው። ከቺካጎ ጋር በአንድ ነጥብ፣ 25 ለ 24። ያውም እየመራን፣ ኳሷን ይዘን፣ ሰዓቱ እያለቀ! በዝናብ ዳንኤልስ ለሯጩ ሲያቀብል ኳሷ አመለጠች፣ እነሱ አነሷት፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ ፊልድ ጎል መቱ። ከማያሚ ጋር በሦስት ነጥብ። ከዴንቨር ጋር በአንድ፣ 27 ለ 26፤ ጭማሪ ሰዓት ላይ ነጥብ ካስቆጠርን በኋላ ለድል ባለ ሁለት ነጥቡን ተጨማሪ ሙከራ ሞክረን የማሪዮታ ኳስ ገና ከእጁ ስትወጣ ተመታች። በሦስት ጨዋታ የተበለጥነው 5 ነጥብ ነው! 5! እነዚያ ሦስቱ ቢገቡልን 8 ለ 9 ነበርን፣ ኩዊንን ማንም አያነሳውም ነበር።

ሒሳብ ሠሪው፦
ጥሩ። እንግዲያው አምናንም በዚሁ ሚዛን መዝን። ኦክቶበር 2024 ቺካጎን ያሸነፍነው እንዴት ነበር? ሰዓቱ አልቆ፣ ዳንኤልስ ኳሷን ወደ ሰማይ ወርውሮ፣ በተከላካይ እጅ ተነክታ ከኋላ ብቻውን የቆመው ኖዋ ብራውን እጅ ላይ ወደቀች። ፊላዴልፊያን ያሸነፍናት 6 ሰከንድ ሲቀር ነው። ታምፓ ላይ በፕሌይኦፍ (በጥሎ ማለፉ) የመጨረሻዋ ፊልድ ጎል ምሰሶውን ገጭታ ነው የገባችው። ገጭታ! ሁለት ጣት ወደ ውጭ ብትል ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር።

እኔ የምለው ይሄ ነው። አምና ቡድኑ ከሚገባው በላይ አሸነፈ፣ አለቆቹ ግን ውጤቱን አምነው «ለዋንጫ ደርሰናል» ብለው ያረጁ ተጫዋቾችን ሰበሰቡ። ሲዝኑ ሲጀመር በሊጉ በዕድሜ ትልቁ ስብስብ የኛ ነበር። ያረጀ ሰው ይጎዳል፣ ይሄ ዕድል አይደለም። ከኩዊን ይልቅ ጄኔራል ማናጀሩን አዳም ፒተርስን ነው መጠየቅ ያለብን።

የእሑድ ሰንበቴ፦
እዚህ ላይ አሳመንከኝ ማለት ይቻላል። ግን የኳርተርባኩን ጠባቂ ላረሚ ተንስልን ማምጣቱ ጥሩ ነበር፣ ያ ሰውዬ ግድግዳ ነው። ኳስ ተቀባዩ ዲቦ ሳሙኤልም በአምስተኛ ዙር የድራፍት (የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ) ዕድል ልዋጭ ነው የመጣው፣ ርካሽ። የኔ ቅሬታ የማክሎረን ነገር ነው። የቡድኑን ታማኝ ልጅ ሙሉ ክረምት ስለ ደሞዝ አከራክረው ኦገስት ማብቂያ ላይ ፈረሙለት፣ ያለ በቂ ልምምድ ገብቶ ጭኑ ተያዘ። ይሄንንም ዕድል በሉት።

ቁጥር አምስት፦
ጭኑ በልምምድ ማነስ መያዙን በምን አወቅክ? ዶክተር ነህ?

የእሑድ ሰንበቴ፦
ዶክተር አይደለሁም። ግን ስድስት ሳምንት ሶፋ ላይ ተኝቼ ተነስቼ ልሩጥ ብል የኔም ይያዛል።

ነርሷ፦
😂 ይሄ ማስረጃ አይሆንም። ግን ይያዛል።

የኪንግማን ፓርክ ግብር ከፋይ፦
ቆይ ቆይ። ሁላችሁም ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተቀምጣችሁ ስለ ምሰሶና ስለ ጭን ታወራላችሁ። እኔ የምኖረው ዲሲ፣ ቡድኑ ድሮ ይጫወትበት የነበረው አሮጌው አርኤፍኬ ስታዲየም ጥግ ነው። በሴፕቴምበር 2025 የዲሲ ምክር ቤት 11 ለ 2 በሆነ ድምፅ አዲሱን ስታዲየም አጽድቋል። 65 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያ ያለው፣ በ2030 የሚከፈት። ቡድኑ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሏል፣ ከተማው ደግሞ ከ1 ቢሊዮን በላይ። ያ ከተማው የሚሉት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ጆሽ ሀሪስና ሸሪኮቹ ቡድኑን በ2023 በ6 ቢሊዮን ዶላር የገዙ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ደግሞ የልጄን ከትምህርት በኋላ ማቆያ ለመክፈል ቅዳሜና እሑድ ኡበር የምነዳ ሰው ነኝ። ለነሱ የምረዳው እኔ ነኝ? ለዚያውም 5 ለ 12!

ቁጥር አምስት፦
ስታዲየም ብቻ አይደለም እኮ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች፣ ሱቅ፣ መናፈሻ አብሮ ይሠራል ተብሏል። ቦታው ለዓመታት የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ቆሞ ነበር።

የኪንግማን ፓርክ ግብር ከፋይ፦
ቤቱን ለመሥራት ስታዲየሙ ለምን ያስፈልጋል? ቦታውን ፌዴራል መንግሥቱ ለ99 ዓመት ለከተማው ሰጥቷል፣ ቤት ይሠራበት። እሑድ እሑድ ሰፈሬ ሲዘጋ እኔ መኪናዬን የት እንደማቆም የነገረኝ ሰው የለም። በዓመት ስምንት ወይ ዘጠኝ ጨዋታ ነው ቤታችሁ የምትጫወቱት። ቀሪውን ቀን ማን ነው የሚገባበት?

ኳስ ማለት እግር ኳስ፦
ጣሪያ ካለው ለኛም የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ያከራዩን። እኛ ቢያንስ በእግር ነው የምንጫወተው።

ሒሳብ ሠሪው፦
በገንዘቡ ከግብር ከፋዩ ጋር ነኝ፣ ስታዲየም ለከተማ ያወጣበትን ይመልሳል የሚለውን ወሬ የሚያጠኑት የኢኮኖሚ ሰዎች አብዛኞቹ አይቀበሉትም። ግን የዘንድሮው ውጤት ለዚህ ክርክር ማስረጃ አይሆንም። 12 አሸንፈው ቢሆን ኖሮ ቢሊዮኑ ልክ ይሆን ነበር?

የኪንግማን ፓርክ ግብር ከፋይ፦
አይሆንም። ግን ቢያንስ ጎረቤቶቼ እየሳቁ ይከፍሉ ነበር።

ጋሽ አርኤፍኬ፦
ልጆች፣ ከቅድም ጀምሮ እያነበብኩ ነው። እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በ1983 ነው። አርኤፍኬ ጎን መኪና አቆም ነበር፣ ሥራዬ ያ ነበር፤ ጨዋታው ሲጀመር አለቃዬ እያየ እንዳላየ ይሆናል፣ እገባለሁ። የጎኑ መቀመጫ ሕዝቡ ሲዘል አብሮ ይዘላል፣ ብረቱ ከእግርህ ስር ሲነቃነቅ ይሰማሃል። የመጀመሪያ ቀን የሚፈርስ መስሎኝ ልወጣ ነበር። የድሮው አሰልጣኛችን ጆ ጊብስ በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ሦስት ሱፐር ቦውል በልቷል። ታይዝማን፣ ዳግ ዊሊያምስ፣ ሪፒን። በሦስት የተለያዩ! አንዱ ሲጎዳ አገር አልፈረሰም። እናንተ ግን ክርን ክርን ትላላችሁ።

ቁጥር አምስት፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያዩት ሌላ ዘመን ነው። ያኔ የደሞዝ ጣሪያ የሚባል አልነበረም፣ ጥሩውን ሁሉ መያዝ ይቻል ነበር። አሁን ለአንዱ ከከፈልክ ከሌላው ትቀንሳለህ።

ጋሽ አርኤፍኬ፦
እሱስ እውነት ነው። ግን ጊብስ 38 ለ 7 እየተመራ ልጁን እዚያ አይተወውም ነበር። ይሄን ደግሞ ማረጋገጥ አልችልም፣ ሆዴ ነው የሚነግረኝ።

የእሑድ ሰንበቴ፦
ጋሼ እኔ ጋ ናቸው! ይቆጠርልኝ።

ነርሷ፦
እኔ ይባረር አላልኩም ግን፣ እንዳትቆጥረኝ። ያን ምሽት ያጠፋ ሰው ሁለተኛ አያጠፋም ብዬ ነው።

የእሑድ ሰንበቴ፦
ሚኒሶታ ላይ አጠፋ አልኩሽ እኮ!

ነርሷ፦
ያንን ሐኪሞች ፈቅደው ነው። ተወኝ አሁን፣ ልተኛበት።

ሒሳብ ሠሪው፦
ለመዝገቡ ያህል፦ የመጨረሻውን ጨዋታ ፊላዴልፊያ ላይ 24 ለ 17 አሸንፈን ነው የጨረስነው። እነሱ ዋና ዋናዎቹን አሳርፈው ነበር። ደስ ያለው አለ፣ እኔ ግን በድራፍቱ ወደ ኋላ የሚገፋን ድል አልወድም፣ ቀድሞ የሚመርጠው ብዙ የተሸነፈው ነውና።

ቁጥር አምስት፦
ፊላዴልፊያን አሸንፈህ የምታዝን ሰው ነህ ማለት ነው። ካንተ ጋር መከራከር አቆምኩ።

ጋሽ አርኤፍኬ፦
ግብር ከፋዩ፣ ባለፈው ሳምንት በሰፈርህ በኩል አለፍኩ። አሮጌው ብዙው ፈርሷል። መኪናዬን ዳር አድርጌ ትንሽ አየሁት፣ ድሮ እኔ የማቆምበት ቦታ ላይ አጥር አለ። በቢሊዮኑ ነገር እውነትህን ነው፣ አልከራከርህም። በ2030 ስንት ዓመቴ እንደሚሆንም ላሰላ ጀምሬ ተውኩት። ቲኬት የምትገዙ ከሆነ ግን ለኔም አንድ ያዙልኝ፣ የታችኛው ወንበር ይሁን፣ ደረጃ አልችልም።