የታጠበ እንቁላል በእጄ አለ፣ መብራት ግን የለም

ጠያቂ (አዳማ)፦ እናቴ ለነገ ፋሲካ 30 እንቁላል በባልዲ ጤፍ ውስጥ ቀብራ በአውቶቡስ ላከችልኝ። ሦስቱ ተሰንጥቀው ጤፉ በሌሎቹ ላይ ስለተጣበቀ ሁሉንም በሳፋ ቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፌ አጠብኳቸው። መብራት ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ስለሌለ ፍሪጁ ሞቋል። እባካችሁ አሁን ምን ላድርግ?

አባል 1፦ በመጀመሪያ መታጠብ አልነበረባቸውም። ዶሮዋ ስትጥል እንቁላሉ ለብሶት የሚወጣው ስስ ሽፋን በዓይን የማይታዩትን የቅርፊቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ እጥበት ግን ያነሳዋል። ውኃው ከእንቁላሉ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውስጡ ስለሚኮማተር ከኩስ የመጣው ጀርም ከነውኃው ይሳባል።

አባል 2፦ ሁሉንም አሁኑኑ ይቀቅሏቸው።

አባል 3 (ደብረ ብርሃን)፦ ፍሪጅ ለምን አስፈለገ? እኛ ሳናጥብ ጤፍ ውስጥ እናቆየዋለን።

ጠያቂ፦ እዚህ ሙቀት ነው፤ እንቁላሎቹም ታጥበዋል።

አባል 4፦ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል እሰማ ነበር፤ የእርስዎ ግን በአውቶቡስ ሄዷል። ለማንኛውም እኔ በሰባት ደህና እንቁላል ላይ ስምንተኛውን የገለማ ከሰበርኩ ወዲህ፣ ለፍርፍር የሚሆነውን አንድ በአንድ በስኒ ሰብሬ ካየሁት በኋላ ነው የምጨምረው።

አባል 2፦ አሁንም ሁሉንም ይቀቅሏቸው እላለሁ።

አባል 5፦ የተቀቀለ እንቁላል ያለ ፍሪጅ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት ስለሌለበት ሁሉንም መቀቀል ችግሩን አይፈታውም። የተሰነጠቁትን ይጣሉ። በሁዳዴ 55 ቀናት እንቁላል ስለማይበላ ከቀሩት ውስጥ ሲጠራቀም የከረመ ሊኖር ይችላልና በውኃ ይፈትኗቸው፤ በጎኑ የተኛው ትኩስ ነው፣ በቁሙ የቆመው ሰንብቷል፣ የተንሳፈፈው ይወገድ። ፈተናው ግን ዕድሜን እንጂ ሳልሞኔላ የተባለውን በሽታ አምጪ ጀርም አያሳይም። ስለዚህ ለወጡ የሚበቃውን ብቻ ወጡ ሊወርድ ሲል አስኳሉ እስኪጠነክር ቀቅለው፣ ልጠው፣ በቢላ ጫር ጫር አድርገው የሚፈላው ወጥ ውስጥ ይጨምሩት። የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ አድርቀው ቀዝቃዛ ጥላ ቦታ ያስቀምጡና በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ በደንብ አብስለው ይጨርሱት።

አባል 1፦ ጥሬ እንቁላል የነካውን ጤፍም ለይተው ይጣሉት እንጂ ከቀረው ጋር ወፍጮ ቤት አይላኩት።

አባል 3፦ ወጡ ደረሰ ወይስ መብራቱ ቀደመው?