ከፍ ያለ መሪ ገጥሜ ካቦ አጠረኝ

ሰላም የሞተር ሰዎች። 125 ሲሲ ሞተር ላይ ከፋብሪካው መሪ 8 ሳንቲም ከፍ የሚል ገጠምኩ። ውፍረቱ ያው 22 ሚሊ ስለሆነ መያዣው ውስጥ ልክ ገብቷል። የፊት ፍሬን ካቦም ደርሷል።

ችግሩ መሪው ወደ ግራ ጥግ ሲዞር ሚኒሞው (ጋዝ ሳልሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ብቻውን ይጨምራል፤ የነዳጅ ካቦው እየተጎተተ ነው። የፍሪሲዮኑም ይወጠራል። ካቦዎቹን በአጭር መስመር ባሳልፋቸውም 3 ሳንቲም ብቻ አተረፍኩ። ማስተካከያ ብሎኑን ማላላት አይረዳም፣ ያጠረው የውጭ ሽፋኑ ነዋ!

ሌላው፣ የመብራት ማብሪያው ቤት ውስጥ ላለችው እሾህ (መሪው ቀዳዳ ውስጥ ገብታ ቤቱን ለምትይዘው ትንሽ ጉጥ) አዲሱ መሪ ቀዳዳ የለውም። መሪውን ልብሳው ወይስ እሾኋን ልቁረጣት? ከተቆረጠች ቤቱ መሪው ላይ እንዳይሽከረከር እሰጋለሁ።

ባሕር ዳር 10 ሳንቲም የሚረዝም ካቦ የሚሸጥ፣ ወይም ሽፋኑን ከነሽቦው በልክ የሚሠራ የት አለ? እስከዚያ በዚህ መሪ ወደ ዘጌ አልወጣም።